ወደ አፍሮባስኬት እንዴት ይታለፋል? የማጣሪያውን መንገድ ከታች ጀምሮ ለመከተል የሚረዳ መመሪያ

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ዳር የትኛውም ሻይ ቤት ገብታችሁ ስለ እግር ኳሱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ብትጠይቁ፣ ምድቡን፣ ነጥቡን፣ ማን ማንን ማሸነፍ እንዳለበት ሁሉ የሚዘረዝርላችሁ አታጡም። ወደ ቅርጫት ኳስ ስትመጡ ግን ነገሩ ይደበዝዛል። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያነጥሩ የሚያመሹ ልጆች የኤንቢኤ (የአሜሪካው ትልቁ ሊግ) ተጫዋቾችን ስም ከነማሊያ ቁጥራቸው ይነግሯችኋል። "አንድ አገር አፍሮባስኬት ለመግባት ምን ማድረግ አለበት?" ስትሏቸው ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። አይፈረድባቸውም። ቁጭ ብሎ በአማርኛ ያስረዳቸው ሰው ጥቂት ነው።

ይህን የምጽፈው ለነሱ ነው፤ ለአሰልጣኞቻቸውና ለስፖርት መምህሮቻቸውም ጭምር። መንገዱን ከታች ጀምረን አንድ በአንድ እንውጣው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹን ግን በኛ እጠራቸዋለሁ።

1. መጀመሪያ የሚደረስበትን ቦታ እወቁ

አፍሮባስኬት የአፍሪካ አገሮች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ነው። የሚመራው የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊባ፣ በአፍሪካ ክንፉ በኩል ነው። እስከ 2017 ድረስ በየሁለት ዓመቱ ይካሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአራት ዓመቱ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ማጣሪያ ያመለጠው አገር ቀጣዩን የሚጠብቀው ረጅም ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ውድድር በ1962 ካይሮ ላይ ተካሄደ። ኢትዮጵያ እዚያ ነበረች። ከጥቂቶቹ ጀማሪ አገሮች አንዷ እኛ ነበርን ማለት ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የእግር ኳሱን የአፍሪካ ዋንጫ እንዳነሳን ሁሉም ያውቃል፤ የካይሮውን የሚያነሳው ግን የለም። ይህ ታሪክ በትምህርት ቤት ስፖርት ክፍለ ጊዜ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ዛሬ ወደ ውድድሩ የሚገቡት 16 ቡድኖች ናቸው። በ2025 ነሐሴ ላይ አንጎላ ሉዋንዳና ሞሳሜዴስ ላይ አስተናግዳ፣ በፍጻሜው ማሊን 70 ለ43 አሸንፋ ለ12ኛ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደች። ከ16ቱ ውስጥ ኢትዮጵያ አልነበረችም። በ2021 ኪጋሊ ላይም አልነበረችም።

2. ዞናችሁን ፈልጉ

ፊባ አፍሪካን በሰባት ዞን ከፍሏታል። ኢትዮጵያ ያለችው ዞን 5 ውስጥ ነው። ከኛ ጋር ግብፅ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ታንዛኒያ፣ ቡሩንዲ፣ ኤርትራና ሶማሊያ አሉ።

ዞኑ ቀላል አይደለም። በ2021ዱ አፍሮባስኬት ከ16ቱ ቡድኖች አምስቱ የዞናችን ልጆች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ኬንያ፣ ሩዋንዳ፣ ደቡብ ሱዳንና ዩጋንዳ። በ2025 ኬንያ ስትወድቅ የቀሩት አራቱ ገቡ። ይህን አንዳንዱ ሰው ተስፋ ማስቆረጫ አድርጎ ያነበዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ከግብፅ በስተቀር እነዚህ አገሮች ከጥቂት ዓመታት በፊት ማንም የማይፈራቸው ነበሩ። የሄዱበት መንገድ ደግሞ ለኛም ክፍት ነው።

3. የመግቢያ በሮቹን ቁጠሩ

ወደ ዋናው ማጣሪያ የሚገቡት 20 ቡድኖች ናቸው። ለ2025ቱ ውድድር የተደረገውን ብናይ ነገሩ ይገባናል። በ2021 የተሳተፉት 16ቱ አገሮች በቀጥታ ማጣሪያው ውስጥ ገቡ። የቀሩት አራት ቦታዎች ከታች በቅድመ ማጣሪያ ለሚመጡ አገሮች ተተዉ። እነዚያን አራት ቦታዎች ያገኙት ሊቢያ፣ ማዳጋስካር፣ ሞሮኮና ጋቦን ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከአራቱ ሁለቱ፣ ሊቢያና ማዳጋስካር፣ ማጣሪያውንም አልፈው አንጎላ ደረሱ። ኬንያና መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ደግሞ በቀጥታ ገብተው ነበር፤ ሆኖም ቤታቸው ቀሩ። ስለዚህ ከታች መጥቶ ማለፍ ይቻላል፤ ከላይ ተቀምጦ መውደቅም አለ።

ለኢትዮጵያ ዓይነት አገር ዋናው ቁምነገር ይህ ቅድመ ማጣሪያ ነው። ጥቂት ቡድኖች አንድ ከተማ ተሰባስበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሱታል። ወጪው ከዋናው ማጣሪያ ያንሳል። ነገር ግን ማንም በቴሌቪዥን አያየውም፣ ጋዜጣም አይጽፍለትም፣ ስለዚህ ሰው መኖሩንም ሳያውቅ ያልፋል። ስለ አገራችን ቅርጫት ኳስ የምትከራከሩ ከሆነ ክርክሩን ከዚህ ጀምሩት፦ ቡድን ተመዝግቧል ወይ? ተዘጋጅቷል ወይ? ሄዷል ወይ?

የደቡብ ሱዳንን ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም። አገሪቱ የፊባ አባል የሆነችው በ2013 ነው። በ2020 ጥር ላይ ናይሮቢ በተደረገው የዞናችን ቅድመ ማጣሪያ ተሳትፋ በኬንያ ተሸንፋ ወጣች። የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ሉዋል ዴንግ የአገሪቱ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር፤ በዚያ ውድድር አሰልጣኝም ሆኖ ነው ቡድኑን ይዞ የሄደው። ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ኮሮና መጣና አልጄሪያ ከዋናው ማጣሪያ ራሷን አገለለች። በምትኳ ደቡብ ሱዳን ተጠራች። ቡድኑ ስላልተበተነ ጥሪው ሲመጣ ሄደ። ከምድቡ ሦስተኛ ወጥቶ አፍሮባስኬት ገባ፤ ኪጋሊም ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። በ2023 የዓለም ዋንጫ ተጫወተ። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈ። ከኦሎምፒኩ በፊት ለንደን ላይ በነበረው የወዳጅነት ጨዋታ የአሜሪካ ቡድን ያመለጣቸው በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር፣ 101 ለ100።

ይህ ሁሉ የጀመረው በቅድመ ማጣሪያ ሽንፈት ነው። ዕድሉን ያገኙት ተመዝግበው፣ ተጫውተው፣ ስማቸው መዝገብ ላይ ስለነበረ ነው። ያልሄደን ማን ይጠራዋል?

4. የምድቡን አካሄድ ተረዱ

20ዎቹ ቡድኖች በአምስት ምድብ ይከፈላሉ፤ በየምድቡ አራት አራት። እያንዳንዱ ቡድን ከሦስቱ ተፎካካሪዎቹ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይገናኛል፤ በጠቅላላው ስድስት ጨዋታ ነው።

እግር ኳስ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። "አንዱ በሜዳው፣ አንዱ ከሜዳው ውጪ" ብሎ ያስባል። በአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ማጣሪያ እንደዚያ አይደለም። የምድቡ አራት ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ይሰበሰቡና በሦስት ተከታታይ ቀናት ሦስት ሦስት ጨዋታ ያደርጋሉ። ከወራት በኋላ እንደገና ተሰብስበው ቀሪዎቹን ሦስት ይጫወታሉ። ለ2025ቱ ውድድር የመጀመሪያው ዙር በ2024 ኅዳር፣ ሁለተኛው በ2025 የካቲት ነበር።

ይህ አሠራር ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛ፣ በሦስት ቀን ሦስት ጨዋታ ሲኖር አምስት ጎበዝ ተጫዋች አይበቃም። ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ለስምንትና ለአሥር ደቂቃ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አሥራ ሁለቱም ተጫዋች ሥራ አለው። ሁለተኛ፣ በኅዳርና በየካቲት የኤንቢኤ ውድድር እየሄደ ስለሆነ እዚያ የሚጫወቱት ለማጣሪያ አይመጡም። ሸክሙን የሚሸከሙት በአገራቸውና በሌሎች ሊጎች የሚጫወቱት ናቸው። ስለዚህ "እኛ ኤንቢኤ ውስጥ ልጅ የለንም" የሚለው ምክንያት ለማጣሪያው አይሠራም።

ከየምድቡ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቡድኖች ያልፋሉ። አምስት ጊዜ ሦስት፣ አሥራ አምስት። የምትቀረው አንዷ ቦታ ለአስተናጋጁ አገር ዋስትና ናት። ሩዋንዳ በ2021 የተጠቀመችው በዚህ ነው፤ ከምድቧ አራተኛ ወጥታ፣ አስተናጋጅ ስለነበረች ቦታዋ አልተነካም።

ከአራት ሦስት ማለፉ ቀላል ይመስላል። ሜዳ ላይ ያለው ስሜት ግን ሌላ ነው። በ2021 የካቲት ላይ ያውንዴ፣ ኬንያና አንጎላ ተገናኙ። አንጎላ ያኔ የ11 ጊዜ ሻምፒዮን ነች። ኬንያ ደግሞ ራሷ ካስተናገደችበት ከ1993 ወዲህ አፍሮባስኬትን አይታው አታውቅም። ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ኬንያ በአንድ ነጥብ እየተመራች ነበር። ታይለር ኦንግዋይ ኳሷን ይዞ ሄደ፣ ተከላካይ ፊቱ ላይ እያለ ወረወረ። የማብቂያው ድምፅ ሲያስተጋባ ኳሷ መረብ ውስጥ ነበረች። 74 ለ73። ኬንያ ከ28 ዓመት በኋላ አፍሮባስኬት ገባች። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩአቸው።

5. ሰንጠረዡን ማንበብ ተማሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ያሸነፈ 2 ነጥብ፣ የተሸነፈ 1 ነጥብ ያገኛል። አቻ የለም፤ እኩል ካለቀ አሸናፊ እስኪገኝ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨመራል። ለመሸነፍ አንድ ነጥብ መሰጠቱ ይገርማችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ሜዳ የመጣን ካልመጣ ለመለየት ነው። በፎርፌ የተሸነፈ ዜሮ ነጥብ ያገኛል፤ ውጤቱም 20 ለ0 ተብሎ ይመዘገባል።

ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቡድኖች በነጥብ እኩል ሲሆኑ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ እርስ በርስ የተጫወቱት ጨዋታ ብቻ ይታያል፤ እዚያ ብዙ ያሸነፈ ይቀድማል። እዚያም እኩል ከሆኑ፣ በነዚያው የእርስ በርስ ጨዋታዎች የነጥብ ልዩነት ይታያል። ቀጥሎ በነዚያው ጨዋታዎች ብዙ ያስቆጠረ። ይህም ካልለያቸው ብቻ የምድቡ አጠቃላይ የነጥብ ልዩነት ይመጣል።

በምሳሌ እንየው። አራት የጎጃም ከተሞች አንድ ዙር ተጫወቱ እንበል፤ ውጤቶቹን እኔ ለመለማመጃ የፈጠርኳቸው ናቸው።

ባሕር ዳር 80፣ እንጅባራ 50
ፍኖተ ሰላም 72፣ እንጅባራ 60
ደብረ ማርቆስ 70፣ እንጅባራ 66
ባሕር ዳር 68፣ ደብረ ማርቆስ 60
ደብረ ማርቆስ 75፣ ፍኖተ ሰላም 62
ፍኖተ ሰላም 71፣ ባሕር ዳር 66

እንጅባራ ሦስቱንም ተሸንፏል፤ 3 ነጥብ። የቀሩት ሦስቱ ሁለት አሸንፈው አንድ ተሸንፈዋል፤ እኩል 5 ነጥብ። ማን አንደኛ ነው?

በእግር ኳስ ልማድ የሚቆጥር ሰው ወዲያው "ባሕር ዳር" ይላል። እንጅባራን በ30 ነጥብ ስላሸነፈ አጠቃላይ ልዩነቱ 33 ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። በቅርጫት ኳስ ሕግ ግን የእንጅባራ ጨዋታዎች ለጊዜው ከሒሳቡ ይወጣሉ። የሦስቱን የእርስ በርስ ጨዋታ ብቻ ያዙ። ሦስቱም አንድ አሸንፈው አንድ ተሸንፈዋል፤ ስለዚህ ወደ ልዩነቱ እንሄዳለን። ባሕር ዳር በ8 አሸንፎ በ5 ተሸንፏል፤ ሲደመር 3። ደብረ ማርቆስ በ13 አሸንፎ በ8 ተሸንፏል፤ ሲደመር 5። ፍኖተ ሰላም በ5 አሸንፎ በ13 ተሸንፏል፤ ሲቀነስ 8። አንደኛ ደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛ ፍኖተ ሰላም።

አሁን አንዷን ውጤት ብቻ ቀይሩ። ፍኖተ ሰላም በደብረ ማርቆስ በ13 ሳይሆን በ4 ነጥብ ቢሸነፍ ኖሮስ? ባሕር ዳር ሲደመር 3፣ ፍኖተ ሰላም ሲደመር 1፣ ደብረ ማርቆስ ሲቀነስ 4። አንደኛ የነበረው ደብረ ማርቆስ ሦስተኛ ወረደ። ያሸነፈው ግን ያንኑ ሁለት ጨዋታ ነው።

ስለዚህ "አበቃለት" በተባለ ጨዋታ ላይ በመጨረሻው ደቂቃ ተጫዋቾች ሲሯሯጡ ብታዩ አትገረሙ። የተሸነፈው ቡድን ልዩነቱን ከ12 ወደ 7 ለማውረድ እየታገለ ነው። ያሸነፈውም ኳስ ይዞ ሰዓት ከማባከን ይልቅ ሌላ ሦስት ነጥብ ይፈልጋል። ተቀያሪ ልጆችን ስታሰለጥኑ ይህን አስረዷቸው። በሽንፈት ውስጥ ሆኖ የተቆጠረ ኳስ ከወራት በኋላ ቡድን ሊያሳልፍ ይችላል።

6. ማን መጫወት እንደሚችል እወቁ

"አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ልጆቻችንን ሰብስቦ መሄድ ነው" የሚል ሐሳብ በየቦታው ትሰማላችሁ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሕጉን ሳያውቁ መመኘት ግን ጊዜ ያባክናል።

ፊባ የሚያየው ፓስፖርት ነው። ተጫዋቹ የሚወክለውን አገር ዜግነት መያዝ አለበት። ከዚህ በላይ ፓስፖርቱን ያገኘው 16 ዓመት ሳይሞላው መሆን አለበት። ከ16 በኋላ ያገኘ እንደ አዲስ ዜጋ ይቆጠራል፤ አንድ ቡድን ደግሞ እንደዚያ ያለ ተጫዋች ከአንድ በላይ ማሰለፍ አይችልም። በትውልድ ትስስሩ ምክንያት ፊባ ጉዳዩን መርምሮ የሚወስንበት ሁኔታ ቢኖርም፣ ማስረጃውን ቀድሞ ማቅረብ ይጠይቃል። 17 ዓመት ከሞላው በኋላ በፊባ ዋና ውድድር ለሌላ አገር የተሰለፈ ደግሞ ባጠቃላይ አገር መቀየር አይችልም።

በኛ በኩል ሌላ እንቅፋት አለ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለው ልጅ አገር ቤት ገብቶ ሊኖርና ሊሠራ ይችላል፤ ለብሔራዊ ቡድን ለመሰለፍ ግን ካርዱ ፓስፖርት አይደለም። የውጭ ፓስፖርቱን ትቶ የኢትዮጵያን መያዝ ደግሞ ለአንድ የ20 ዓመት ወጣት ከባድ ውሳኔ ነው፤ ማንም በቀላሉ ሊጠይቀው አይገባም። በመሆኑም መሠረቱ እዚሁ ያደጉ ልጆች መሆን አለባቸው። በዕድሜያቸው 14ና 15 የሆኑት፣ ዛሬ በቡሬና በሞጣ፣ በዳንግላና በደምበጫ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚገኙት፣ ለ2029ኙ ማጣሪያ ደርሰው ጎረምሶች ናቸው። ቁመታቸው ዛሬውኑ ይታያል።

7. ካለፉ በኋላ ያለውን በአጭሩ

በውድድሩ 16ቱ ቡድኖች በአራት ምድብ ይከፈላሉ። የየምድቡ አንደኛ በቀጥታ ሩብ ፍጻሜ ይገባል። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት አንድ ተጨማሪ ጨዋታ አድርገው ቀሪዎቹን አራት ቦታዎች ይሞላሉ። አራተኛው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አፍሮባስኬት መድረስ ሌላም ጥቅም አለው። ለ2027ቱ የኳታር የዓለም ዋንጫ በአፍሪካ ማጣሪያ የሚጫወቱት በ2025 አፍሮባስኬት የነበሩት 16ቱ አገሮች ናቸው። ከነሱ አምስቱ ኳታር ይሄዳሉ። አፍሮባስኬት ያልገባ አገር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም አምልጦታል ማለት ነው።

የሴቶቹ አካሄድ የተለየ ነው። ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ይካሄዳል፣ 12 ቡድኖች ይሳተፋሉ፣ ማጣሪያውም በዞን ነው። ናይጄሪያ ከ2017 ጀምሮ በተከታታይ አምስት ጊዜ ወስዳዋለች። በየሁለት ዓመቱ መሆኑ ለኛ ሴት ተጫዋቾች ዕድሉን ያበዛዋል፤ በግሌ ኢትዮጵያ ቶሎ መመለስ የምትችለው በዚህ በኩል ይመስለኛል።

8. ራሳችሁ ሞክሩት

ሕጉ በደንብ የሚገባው በተግባር ነው። የማጣሪያውን አንድ ዙር ልክ እንደ ፊባ ጎጃም ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል። አራት ቡድን፣ አንድ ከተማ፣ ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጨዋታ፤ በጠቅላላው ስድስት።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። 28 በ15 ሜትር የሆነ ሜዳ፣ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ የተሰቀለ ቅርጫት፣ ለወንዶች 7 ቁጥር ኳስ፣ ለሴቶች 6 ቁጥር። ሦስት ነጥብ መስመሩን ከቅርጫቱ መሐል 6 ሜትር ከ75 ለክታችሁ በኖራ አስምሩ፤ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ መስመሩ የድሮው ነው፣ ወይም ጠፍቷል። አራት የአሥር ደቂቃ ክፍለ ጊዜ። የ24 ሰከንድ ሰዓት ከሌላችሁ አንድ ልጅ ሰዓት ይዞ ጎን ይቁምና የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች ጮክ ብሎ ይቁጠር።

ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰው አስቀምጡ፤ አንዱ ነጥብ ይመዝግብ፣ ሌላው ፋውል። እያንዳንዱ ቡድን ከ12 ያልበለጠ ስም ቀድሞ ያስገባ፤ ከዚያ በኋላ መቀየር የለም። ጨዋታው ከሚጀመርበት ሰዓት 15 ደቂቃ ካለፈ በኋላ አምስት ተጫዋች ያላቀረበ በፎርፌ ይሸነፋል። መኪና ዘገየ፣ መንገድ ተበላሸ የሚለውን ቀድማችሁ አስቡበትና እንግዶቹ ቡድኖች ከዋዜማው እንዲገቡ አድርጉ።

ከሁሉም በላይ፣ ነጥብ እኩል ሲሆን ማን እንደሚያልፍ የሚወስነውን ቅደም ተከተል የመጀመሪያው ጨዋታ ሳይጀመር በወረቀት ጽፋችሁ ሜዳው አጠገብ ለጥፉት፤ የአራቱ ቡድን መሪዎችም ይፈርሙበት። ውድድር ላይ ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉ ከውጤቱ በኋላ ሲነበብ ነው።